ልጄ በጨዋታ 19 ነጥብ ያገባል፣ ድራፍት ላይ ግን ስሙ አይነሳም፣ ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ልጄ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ አሁን ስሙን ባልጠራው አንድ ትንሽ የዲቪዥን ዋን (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፣ ጋርድ ነው (ኳስ ይዞ የሚያጫውት የውጭ ተጫዋች)፣ ቁመቱ 6 ፊት ከ2 ኢንች፣ ዘንድሮ በአማካይ 19 ነጥብ አካባቢ እያገባ ነው። ቤተክርስቲያን ስንሄድ ሁሉም ሰው "ኤንቢኤ መቼ ነው የሚገባው" ነው የሚለኝ። ግን እነዚያ በድራፍቱ (የኤንቢኤ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ማን ስንተኛ ይመረጣል ብለው የሚያወጡት ዝርዝሮች ላይ ስሙን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፣ የሱን ግማሽ የሚያገቡ ልጆች ደግሞ ከላይ ተደርድረዋል። አሁን ኤጀንት ነኝ የሚል ሰው እየደወለ ዘንድሮውኑ ድራፍት ይግባ፣ ቶሎ ፈርሙ እያለን ነው። አባቱ ትምህርቱን ይጨርስ ባይ ነው፣ እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች አንድን የኮሌጅ ተጫዋች የሚመዝኑት በምንድነው? (አንድ እናት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅዎ እዚህ መድረሱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ዲቪዥን ዋን ውስጥ ከ350 በላይ ኮሌጆች አሉ፣ በድራፍቱ ቀን የሚጠራው ስም ደግሞ 60 ገደማ ነው፣ ከዚያም ላይ ከአውሮፓና ከሌላ አገር የሚመጡት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እና ስካውቶቹ (ለቡድኖቹ ተጫዋች የሚመለምሉት) መጀመሪያ የሚያዩት ነጥቡን አይደለም፣ ምክንያቱም ነጥብ ኮሌጅ ውስጥ የሚያገባ ልጅ ሞልቷል። የሚጠይቁት፣ ይሄ ልጅ ኳሱ የሱ ካልሆነ ምን ይሠራል? ነው። አሁን ኮሌጁ ጨዋታውን በሙሉ በሱ ዙሪያ ነው የሠራው አይደል፣ ኤንቢኤ ሲገባ ግን ኳሱን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፣ እሱ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ አስር አስራ ሁለት ደቂቃ ቢያገኝ ነው፣ እና በነዚያ ደቂቃዎች አንዴ ተኩሶ ወይ ሳይተኩስ ቡድኑን የሚጠቅመው በምኑ ነው? ይቺን ጥያቄ መመለስ የማይችል 25 ነጥብም ቢያገባ ስሙ አይነሳም።

የስቴፈን ከሪን ላንሳልዎ። ሰሜን ካሮላይና ያለው ዴቪድሰን የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነበር የሚጫወተው፣ በ2008-09 ሲዝን በአማካይ 28.6 ነጥብ እያገባ ከመላው አገር አንደኛ ነበር። እኔን ግን ከዚያ ዓመት ሁሉ የሚገርመኝ ኖቬምበር 2008 ላይ እናንተው ሰፈር አጠገብ ባልቲሞር ካለው ሎዮላ ጋር የተጫወቱት ጨዋታ ነው። የሎዮላ አሰልጣኝ ሁለት ሰው ከሪ ላይ ለጠፈበት፣ ኳስ ያዘም አልያዘም ሁለቱ ከጎኑ ንቅንቅ አይሉም። ከሪ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ሄዶ ጥግ ላይ ቆመ። ሁለቱም ተከትለውት ሄዱ፣ ሜዳው ላይ የቀረው አራት ለሦስት ሆነ፣ ጓደኞቹ እንደልባቸው አገቡ፣ ዴቪድሰን 78 ለ 48 አሸነፈ። ከሪ ዜሮ ነጥብ! የአገሩ አንደኛ አግቢ የሆነ ልጅ በሃያ ዓመቱ ለቡድኑ ብሎ ጥግ ላይ መቆምን መረጠ፣ ለኔ ከ40 ነጥብ በላይ ስለዚህ ልጅ የሚናገረው ያ ማታ ነው። በኤንቢኤ ቡድኑ ጎልደን ስቴት ውስጥ ስንት ዓመት ያየነው ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም፣ እሱ ኳስ ሳይነካ ሁለት ሰው ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ይከፈትለታል።

እንዲያም ሆኖ በ2009 ድራፍት ከሪ የተመረጠው 7ኛ ነው፣ ሚኒሶታ 5ኛና 6ኛ ምርጫ ይዞ ሪኪ ሩቢዮንና ጆኒ ፍሊንን ወሰደ፣ ሁለቱም ጋርድ! ቀጭን ነው፣ አጭር ነው፣ ትንሽ ሊግ ነው የተጫወተው፣ ኳስ አቀባይ ነው ወይስ ተኳሽ አይታወቅም ይሉት ነበር። ያንን የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ ብሎ ነበር ለሦስተኛ ዓመት ተመልሶ ፖይንት ጋርድ (ኳስ አቀባይ) ሆኖ የተጫወተው። ይሄን ልብ ይበሉልኝ፣ ወደ ልጅዎ ስመለስ እፈልገዋለሁ።

የልጅዎን ግማሽ የሚያገባ ለምን ከላይ ይደረደራል ላሉት፣ ዋናው መልስ ዕድሜና አካል ነው። 18 እና 19 ዓመት የሆነው ልጅ ገና ያድጋል ተብሎ ነው የሚገዛው፣ 22 የሆነው ግን ዛሬ የሚያደርገውን ነው የሚያዩለት። አካል ስንል ደግሞ ቁመት ብቻ አይደለም፣ በየዓመቱ ሜይ ላይ ቺካጎ በሚደረገው ኮምባይን (ከድራፍቱ በፊት ተጫዋቾች የሚፈተኑበት) ልጆቹን ጫማ አስወልቀው ይለካሉ፣ ከዚያ የክንዳቸውን ርዝመት ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካሉ፣ ብዙ ጊዜ ከቁመቱ ይልቅ ክንዱ ነው ወሬ የሚሆነው። ድሬይመንድ ግሪን ለቦታው አጭር ነው ተብሎ በ2012 እስከ 35ኛ ወረደ፣ ክንዱ ግን 7 ፊት ይሻገራል፣ ዛሬ ትልልቅ ሴንተሮችን ሲያስቆም ያዩታል። ስለዚህ የልጅዎን ክንድ ቤት ውስጥ በሜትር ይለኩት፣ 6 ፊት ከ2 የሆነ ልጅ ክንዱ 6 ፊት ከ7 ከሆነ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ክብደት ማንሳቱ ላይ ግን ብዙ አይጨነቁ፣ ኬቨን ዱራንት በ2007 84 ኪሎዋን ብረት አንዴ እንኳ ሳያነሳ 2ኛ ተመርጧል።

አሁን ማንም ቤቱ ሆኖ ሊያየው ወደሚችለው ነገር ልምጣ፣ ፍሪ ስሮው (ጥፋት ሲሠራበት የሚሰጠው ነፃ ተኩስ)። ሰው የሦስት ነጥቡን ፐርሰንት ያያል፣ ግን አንድ የኮሌጅ ሲዝን አጭር ነው፣ መቶ ምናምን ሙከራ ላይ ዕድል ብዙ ይሠራል። የኮሌጁ የሦስት ነጥብ መስመር ደግሞ 6.75 ሜትር ላይ ነው፣ የኤንቢኤው ከፊት ለፊት 7.24 ሜትር፣ ግማሽ ሜትር ማለት ለእጅ ቀላል አይደለም። ፍሪ ስሮው ላይ ግን የሚከላከል የለም፣ ርቀቱ ሁሌም አንድ ነው፣ እጁ ያለውን ነገር እንዳለ ያሳያል። 2017ን ይዩ። ማርኬል ፉልትዝ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እያለ ሦስት ነጥብ 41.3 በመቶ ያገባል፣ ፍሪ ስሮው ግን 64.9 ብቻ። ጄይሰን ቴተም ዱክ እያለ ሦስት ነጥቡ 34.2፣ ፍሪ ስሮው 84.9። ፊላዴልፊያ ከቦስተን ጋር ምርጫ ተቀያይሮ ፉልትዝን 1ኛ ወሰደ፣ ቦስተን 3ኛ ላይ ቴተምን። ቴተም በመጀመሪያ ዓመቱ ሦስት ነጥብ 43 በመቶ አገባ፣ ፉልትዝ ደግሞ መተኮስ ራሱ ከበደው። ለፍትህ ያህል፣ በኋላ በ2018 መጨረሻ ትከሻው አካባቢ የሕክምና ችግር እንዳለበት ታውቋል፣ እና ልጁን መውቀስ ነውር ነው፣ ግን ያ 64.9 ቀድሞም እዚያው ተጽፎ ነበር። የልጅዎ ፍሪ ስሮው ከ80 በላይ ከሆነ ትልቅ ነገር አለው፣ ከ70 በታች ከሆነ 19 ነጥቡን ሳይሆን እሱን ነው የሚያዩበት።

ሌላው ማንን ገጥሞ አገባ የሚለው ነው። ትናንሽ ኮሌጆች ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ትልልቆቹ ጋ ሄደው ይጫወታሉ አይደል፣ ብዙ ጊዜ ተሸንፈው ነው የሚመለሱት፣ ስካውት ግን ከ30 ጨዋታው እነዚያን ሦስት አራቱን ነው ደጋግሞ የሚያያቸው። እዚያ 2 ሜትር የሆነ ልጅ ሲይዘው ኳሱን ይዞ ማለፍ ችሏል ወይ? ሲከላከልስ እነሱ ሆን ብለው እየፈለጉት ነበር ወይ? ይሄ የመጨረሻው ለአጭር ጋርድ ሞት ሽረት ነው፣ ኤንቢኤ ውስጥ ደካማውን ተከላካይ ፈልጎ በሱ ላይ ማጥቃት የየማታ ሥራቸው ነውና። አንድ ጨዋታ ቪዲዮውን ከፍተው ኳሱን ትተው ልጅዎን ብቻ ይዩ፣ ኳስ ሰጥቶ ከጨረሰ በኋላ ይቆማል ወይስ ይንቀሳቀሳል፣ ጓደኛው ሲታለፍ ይደርሳል ወይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል። አባቱም አብሮ ይይ፣ ብዙ ይነግራችኋል።

ጄይለን ብራንሰን የልጅዎ ቁመት ነው፣ ቪላኖቫ ሆኖ በ2016ና በ2018 ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን፣ በ2018 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች፣ ግን 33ኛ ነው የተመረጠው፣ ዛሬ የኒው ዮርክ ኒክስ ዋና ሰው ነው። ደስ ይላል፣ ግን እሱም እንኳ ያን ሁሉ ዋንጫ ይዞ ሦስት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጦ ነው።

ወደ ኤጀንቱ እንምጣ፣ እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ዛሬ ፈርሙ የሚል ሰው ላይ ነገ ይደውሉ ብለው ስልኩን ይዝጉበት። የኤንቢኤ ኤጀንት የተጫዋቾቹ ማኅበር ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፣ መጀመሪያ ያንን ያጣሩ፣ ከዚያ ምንም ወረቀት ላይ ሳይፈርሙ የኮሌጁን የደንብ ማስከበር ቢሮ ያነጋግሩ፣ አንዲት የተሳሳተች ፊርማ ኮሌጅ የመጫወት መብቱን ልታስቀርበት ትችላለች። አሰልጣኙ ደግሞ ኤንቢኤ ያቋቋመው ኮሚቴ ጋ ጥያቄ ማስገባት ይችላል፣ ኮሚቴው ልጁ የት አካባቢ ሊመረጥ እንደሚችል በሚስጥር ይነግራችኋል፣ እሱ ከማንም ስልክ ደዋይ ይሻላል። ስም አስገብቶ በቀነ ገደቡ ማውጣትም ይቻላል፣ ብዙ ልጆች እንደዚያ ያደርጋሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ዙር 30 ምርጫ ሁለት ዓመት የተረጋገጠ ደመወዝ አለው፣ ሁለተኛው ዙር እንደዚያ አይደለም፣ ካልተመረጠ ደግሞ በየቡድኑ ሦስት ብቻ ያሉት ቱ ዌይ የሚባለው (በኤንቢኤና በጂ ሊግ መሀል የሚያመላልስ) ውል ወይ ጂ ሊግ (ከኤንቢኤ በታች ያለው ሊግ) ነው። ኦስቲን ሪቭስ በ2021 ሳይመረጥ በዚያ በር ገብቶ ሌከርስ ውስጥ ሰው ሆኗል፣ ግን አራት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ ነው የወጣው። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፣ ከ2025 ወዲህ ኮሌጆቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍላሉ፣ ስለዚህ ድሮ እንደነበረው ለቤተሰብ ብሎ ቸኩሎ የመውጣት ነገር ቀንሷል። በኔ በኩል ልጁ ይቆይ ባይ ነኝ፣ በዚህም ከአባቱ ጋር ነኝ። አንድ ዓመት ኳስ አቀባይ ሆኖ ይጫወት፣ ነጥቡ ወደ 15 ቢወርድም አሲስቱ (ጓደኛውን የሚያስገባ ቅብብሉ) ይውጣ፣ ተርንኦቨሩ (ኳስ ማስነጠቁ) ይቀንስ፣ ያን ጊዜ ስልኩን የሚደውሉት ቡድኖቹ ራሳቸው ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ታንዛኒያዊው ሀሺም ታቢት 2ኛ ተመርጦ ለምን ከሸፈ? ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋችስ እንደሱ አይሆንም ወይ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ታቢት 2.21 ሜትር ነው፣ ዩኮን (ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) እያለ በ2008-09 በጨዋታ 4.2 ተኩስ ያግድ ነበር፣ ማን ያን አይቶ አይጓጓም። ግን ፌብሩዋሪ 2009 ከፒትስበርግ ጋር የተጫወቱትን ፈልገህ እይ። 2 ሜትር ገደማ የሆነው ደዋን ብሌር ሪባውንድ (ተኩስ ሲሳት የሚመለሰውን ኳስ መያዝ) ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ታቢትን በትከሻው ላይ አሽቀንጥሮ መሬት ላይ ጣለው። ብሌር በዚያ ማታ 22 ነጥብና 23 ሪባውንድ፣ ታቢት 5 ነጥብና 4 ሪባውንድ። እግሩና ወገቡ ጉልበት እንደሌለው አገር ሁሉ አየ። ሌላው ሰው የማያወራው የሕግ ልዩነት ነው፣ ኮሌጅ ውስጥ ረጅም ልጅ ቅርጫቱ ስር እንደፈለገ ቆሞ ይጠብቃል፣ ኤንቢኤ ውስጥ ግን አጠገቡ የሚይዘው ሰው ከሌለ ከሦስት ሰከንድ በላይ እዚያ ሳጥን ውስጥ መቆም ጥፋት ነው። ስለዚህ ወጥቶ መሮጥ ነበረበት፣ ያ ደግሞ አልሆነለትም፣ አምስት ሲዝን ተጫውቶ አማካዩ 2.2 ነጥብ ነው።

ማሉዋች ሌላ ልጅ ነው። ሩምቤክ ተወልዶ ኡጋንዳ ያደገ፣ ሴኔጋል ባለው የኤንቢኤ አካዳሚ የሰለጠነ፣ በ17 ዓመቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ የተጫወተ ነው። ዱክ ውስጥ 8.6 ነጥብ ብቻ አግብቶ በ2025 10ኛ ተመረጠ፣ ምርጫው የሂዩስተን ነበር፣ ከዱራንት ዝውውር ጋር ወደ ፊኒክስ ሄደ። ታች ወርዶ ጋርድ ፊት እግሩን ማንቀሳቀስ ይችላል፣ ፍሪ ስሮው ደግሞ 76.6 በመቶ ነው፣ ለዚያ ቁመት በጣም ጥሩ። የሚያሳስበኝ ሪባውንዱ ነው፣ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ በግማሽ ፍጻሜው ዱክን 70 ለ 67 ሲጥል ማሉዋች 21 ደቂቃ ተጫውቶ አንድም ሪባውንድ አልያዘም፣ 2.15 የሆነ ልጅ! ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ ገላውን ሰው ላይ ማሳረፍን ካልለመደ የፊኒክስ አሰልጣኝ ደቂቃ አይሰጠውም። ዕድሜው ገና ስለሆነ ይለምደዋል ብዬ አምናለሁ፣ ሲጫወት ስታየው ነጥቡን ትተህ ተኩስ ሲሳት ማንን እንደሚገፋ እይልኝ።