መልስ፦ ሪሲቨሩን ስሰካው ምስሉ ለምን ጥቁርና ነጭ ሆነ?

ወንድሜ፣ ቲቪህ አልተበላሸም። ድምፁ ደህና ሆኖ ምስሉ ብቻ ጥቁርና ነጭ ከሆነ፣ ቢጫውን ገመድ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ሰክተኸው ይሆናል። ከቲቪው ጀርባ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀዳዳዎች ተደርድረው ታያለህ? እነዚህ ምስሉን ለሦስት ከፍለው ነው የሚቀበሉት። አረንጓዴው የብርሃኑን መጠን ብቻ ይወስዳል፤ ቀለሙ ይቀራል። ቢጫው ገመድ ግን የምስሉን ብርሃንም ቀለምም አንድ ላይ ነው የሚያመጣው።

አንዳንድ ቲቪ ላይ ያው አረንጓዴ ቀዳዳ ለቢጫውም ያገለግላል፣ አጠገቡ «ኤቪ» ተብሎ ይጻፍበታል። እንደዚያ ከሆነ በሪሞቱ ሶርስ ውስጥ ገብተህ ኤቪን ምረጥ።

ከቢጫው ጋር ካሉት ገመዶች ነጩ የግራ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። እኔ ቀዩን ከምስሉ ቀይ ጋር አምታትቼ ግማሽ ቀን ተሰቃይቻለሁ!

ሪሲቨርህም ቲቪህም ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ካላቸው ግን ይሄን ሁሉ ተወው። አንድ ገመድ ይበቃሃል።