ፅንስ ወይስ ሽል?

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የጤና ተማሪ ነኝ። ለሰፈራችን ወጣቶች ስለ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ስለሚችል ሴል) በአማርኛ ገለጻ ላደርግ ነው። «የሽል ግንድ ሕዋሳቶች» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «የፅንስ በዪ» አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛሽ ናት። ምክንያቱ ግን ሰዋስው ሳይሆን ቀኑ ነው።

እነዚህ ሴሎች የሚወሰዱት እንቁላልና የወንድ ዘር ከተዋሐዱ ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ ነው። ያኔ ፅንሱ ከ100 እስከ 200 ያህል ሴሎች ያሉት፣ ውስጡ ፈሳሽ የያዘ እንክብል ነው። የውጭው ሽፋን ወደ እንግዴ ልጅ ያመራል። ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የተጠጋጉት ጥቂት ሴሎች ግን ልብም፣ ነርቭም፣ ደምም መሆን ይችላሉ። የምንፈልገው እነሱን ነው። ለምርምር የሚውለው ፅንስ ደግሞ ባብዛኛው ላብራቶሪ ውስጥ የተፀነሰ ስለሆነ ማህፀን ገብቶም አያውቅ።

ሽልስ? «ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል» ሲባል የሚወራው ሆድ ስለሚገፋ ነገር ነው። ፅንስ ግን ከመፀነስ ስለመጣ የመጀመሪያዋን ቀን ጭምር ይይዛል። ሽልን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ የሚመድብ ሰው ካለ፣ አስቀድሞ እስከተናገረ ድረስ አልጣላውም።

«የፅንስ» የሚለውን ግን እንዳትተዪው፤ ዓይነቱን የሚለየው እሱ ነው። መቅኒያችን ውስጥም ግንድ ሕዋሳት አሉ፤ የደም ሴሎችን የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥ ሴሎችን ወደ ፅንስ ዓይነት ጠባይ መልሷቸዋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ከሰው ፅንስ የለያቸው ግን ከእነዚህ ሌላ ናቸው።

«ግንድ የሞተ እንጨት አይደል እንዴ?» የሚል ከመጣብሽ ደግሞ ሳቂበት። ጅማ ተቀምጦ! ያረጀ ቡና ተጎንድሎ ከቀረችው ግንድ ቀንበጥ ሲፈነዳ ያላየ ማን አለ?

አሁን ወደ እውነተኛው ጥፋትሽ። «ሕዋሳት» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «ኦች» ስትጨምሪበት በብዙ ላይ ብዙ ይሆናል። «መምህራኖች» የሚሉትም ያው ናቸው፤ ሬዲዮው ሁሉ ተበክሏል። ወይ ሕዋሳት፣ ወይ ሕዋሶች በዪ። «ሕዋሳት» ሲባል አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ትዝ የሚሉት አድማጭም አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አንዴ «ሴል» ብለሽ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ቀጥዪ።