ለጠያቂዋ መምህርት፦ መጀመሪያ ምልክቱን ደብቂባቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት ያየሁ መሰለኝ። «7ኛ ክፍል አራቱን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ዓይነቶች ሁለት ሳምንት አስተማርኩ። ትርጉማቸውን ሁሉም በቃሉ ይወጣዋል። ጻፉ ስላቸው ግን ይደባለቅባቸዋል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ነው ያልሽው። ዓረፍተ ነገርን በትልቅ ፊደል መጀመር እንደሚረሱም አንስተሻል። እዚህ ጅማ ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ልጆች ጋር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በፊደላችን የምጽፈው ልጆቹ አፍ ላይ እንዳለ እንድትሰሚው ብዬ ነው።

እኔም እንዳንቺ ሐተታዊ፣ ጥያቄያዊ፣ ትእዛዛዊ፣ አጋኗዊ ብዬ ሰሌዳውን በአራት ዓምድ ከፋፍዬ ከየሥሩ ሦስት ሦስት ምሳሌ ደረደርኩ። በማግስቱ አሥር ዓረፍተ ነገር ሰጥቼ «ዓይነታቸውን ለዩ» ስል ከስልሳ በላይ ከሚሆኑት ልጆች አብዛኞቹ ዘጠኝና አሥር አገኙ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። በሳምንቱ የቃል ጽሕፈት ሳስጽፍ ዝናብ መጣ። ጅማን የሚያውቅ የግንቦትን ከሰዓት በኋላ ያውቃል፤ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር አጠገብሽ ያለ ሰው እንኳ አይሰማሽም። ድምፄ ከዝናቡ በላይ እንዲወጣ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በአንድ ዓይነት ጩኸት አነበብኩት። ለጥያቄው ድምፄን ከፍ ዝቅ አላደረግኩም፣ ለአድናቆቱም ለዛ አልሰጠሁትም።

ደብተሮቹን ሰብስቤ ሳይ ጉድ አየሁ። አሥር ከአሥር ያገኙት ልጆች ሳይቀሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቦታ ነጥብ አስቀምጠዋል። የጥያቄ ምልክት ያለው «ዋት» ወይም «ሃው» የሰሙበት ላይ ብቻ ነው። «ሃው ቶል ሂ ኢዝ» የሚለው አድናቆት ጥያቄ ሆኗል፤ «ኢዝ ዩር ብራዘር አት ሆም» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። ለካ ያን ሁሉ ማርክ ያገኙት ጭራው ላይ ያለችውን ምልክት እያዩ ነበር። የተጠማዘዘች ካዩ ጥያቄ፣ ቀጥ ያለች ካዩ አጋኖ። ዓረፍተ ነገሩን ማን አነበበው?

ስለዚህ መልመጃሽን ያለ ሥርዓተ ነጥብ ስጪ። አዲስ ማዘጋጀት አያስፈልግሽም፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ራሱን ወስደሽ ምልክቱን አውልቂለት። መጀመሪያ ቀን ይጮኻሉ። ይጩኹ። ምልክቱ ሲጠፋ ዓይናቸው ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቃላት ይሄዳል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ምስጢሩን የሚያወጣው እዚያ ነው።

የእኛ ልጆች ይህን የማያዩት ሰንፈው አይደለም። በአማርኛ «ቡና ጠጣህ» ብለሽ ድምፅሽን ካነሳሽ ጥያቄ ነው፤ ካላነሳሽ ወሬ ነው። ከቃላቱ አንዱም ከቦታው አልተነቃነቀም። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ ለመጠየቅ ብሎ ቃላት አያገላብጥም። እዚህ ከተማ አንዱን ቤት፣ ሌላውን ሰፈር የሚናገር ልጅ ብዙ ነውና በሁለቱም በኩል ያው ልማድ ይዞ ይመጣል። «ዩ ድሪንክ ኮፊ» ብሎ የጥያቄ ምልክት የሚሰካው ለዚህ ነው። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው። የሚሳሳቱት ሌላ ቋንቋ ስለሚያውቁ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል።

አሁን ወደ ትልቁ ችግር ልምጣ፤ ጊዜሽን ብታጠፊበት የማይቆጭሽ እዚህ ላይ ነው። «ዩር ማዘር ሴልስ ኮፊ» ከሚለው ወደ «ደዝ ዩር ማዘር ሴል ኮፊ» መሄድ። ልጆቹ በብዛት የሚጽፉት «ደዝ ዩር ማዘር ሴልስ ኮፊ» ብለው ነው። እኔ ሕጉን በቃል ማስረዳት ትቼዋለሁ። ከካርቶን ትልልቅ ካርዶች ቆርጬ «ዩር ማዘር»፣ «ሴል»፣ «ኮፊ» እና «ዱ» ብዬ ጻፍኩባቸው። አንዷን ካርድ ግን «ኤስ» የምትባለውን ፊደል ብቻ ጻፍኩባትና ከክፍሉ ትንሿን ልጅ አስያዝኳት። «ሴል»ን የያዘው ልጅ ሥር ተለጥፋ ቆመች። «ጥያቄ!» ስል «ዱ» ከበሩ ሥር ተነስቶ ከፊት ይቆማል፤ ያቺ ልጅም «ሴል»ን ትታ ሮጣ ከእሱ ጋር ትጣበቃለች፤ «ዱ» በእሷ ምክንያት «ደዝ» ይሆናል (ስትጻፍ አንዲት «ኢ» መሐል እንደምትገባ ያኔውኑ ሰሌዳው ላይ አሳያቸዋለሁ)። «ሴል» ባዶ እጁን ቀረ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ኤስ ተሰደደች!» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ «ስደተኛዋ ኤስ» ነው። ደብተር ሳርም ስህተቱ ካለ ከሥሩ «ስደተኛዋስ?» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ዲድ» ሲመጣም ይኸው ጨዋታ ያገለግላል፤ ያኔ የሚሰደደው የኃላፊ ጊዜው ነው፣ «ሶልድ» ወደ «ሴል» ይመለሳል።

ትእዛዛዊው ቀላል ይመስላል፤ የራሱ ጣጣ ግን አለው። «ኦፕን ዘ ዶር» ስል አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ለአያቴም ኦፕን ነው የምላት?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ክፈት፣ ክፈቺ፣ ክፈቱ፣ ይክፈቱ እያልን ጾታውንም ብዛቱንም አክብሮቱንም ግሱ ላይ እንጭናለን። እንግሊዝኛ በአንዲት «ኦፕን» ሁሉንም ያዛል፤ ማክበር የፈለገ «ፕሊዝ» ይጨምራል፣ ወይም «ኩድ ዩ ኦፕን ዘ ዶር» ብሎ በጥያቄ መልክ ይለምናል። ይህ የመጨረሻው በቅርጹ ጥያቄ፣ በዓላማው ልመና ነው። ፈተና ላይ ዓይነቱን ሲጠየቁ በቅርጹ እንዲመልሱ ንገሪያቸው።

ለመለማመጃ ቡና ማፍላትን የሚያህል አላገኘሁም፤ ጅማ ተቀምጦ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። አንዱ ያዛል፣ ሌላው የታዘዘውን ብቻ በእጁ እያስመሰለ ያደርጋል፦ ዋሽ፣ ሮስት፣ ፓውንድ፣ ቦይል፣ ፖር። አንዴ አንድ ወንድ ልጅ መውቀጡን ዘለለና ከ«ሮስት» በቀጥታ «ቦይል» አለ። ጓደኛው ሳያመነታ የተቆላውን ፍሬ እንዳለ ጀበናው ውስጥ ከተተ። ሴቶቹ ልጆች እንዴት እንደሳቁበት!

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ትእዛዝን ባስተማርሽ ሰሞን ባለቤቱን ከሁሉም ቦታ መጣል ይጀምራሉ። አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ስለሚደብቀው «መጣሁ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ «ኬም የስተርደይ»፣ «ኢዝ ሬይኒንግ» ብለው ሲጽፉልሽ አይግረምሽ። እኔ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ባለቤቱን የመደበቅ ፈቃድ ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው» ብዬ ጽፌ አንድ ወር ሙሉ አላጠፋሁትም።

አጋኗዊውን ሁሉም መምህር ይፈራዋል፤ ለእኛ ልጆች ግን ከሁሉም የቀለለው እሱ ነው። የእንግሊዝኛው «ዋት» እና «ሃው» ለጥያቄም ለአድናቆትም እንደሚያገለግሉ ሁሉ የእኛዎቹ «ምን» እና «እንዴት»ም እንዲሁ ናቸው። «ምን ያለ ጎበዝ ልጅ ነው!» እና «ምን ፈለግህ?»፣ «እንዴት ያምራል!» እና «እንዴት ነህ?»። ኦሮምኛ የሚናገሩት ልጆቼም «አካም»ን በሁለቱም መንገድ እንደሚጠቀሙባት ራሳቸው ነገሩኝ። ይህን ካሳየሻቸው በኋላ የሚቀርሽ የቃላት ቅደም ተከተል ነው፦ «ሃው ቶል ኢዝ ሂ» ቁመቱን ይጠይቃል፣ «ሃው ቶል ሂ ኢዝ» በቁመቱ ይደነቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፈሽ ምልክቱን እነሱ ያድርጉ።

ነጠላ፣ ድርብና ውስብስብ የሚባለውን ክፍፍል በዚያው ሳምንት አታምጪው። አንዱ በአገልግሎት፣ ሌላው በአሠራር የሚከፈል ስለሆነ ልጆቹ ሰባት ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ወር ቆይተሽ ብትገቢበት ይሻላል። ያኔም ቢሆን «ቢኮዝ አይ ዎዝ ሲክ» ብለው ነጥብ የሚያደርጉትን ተከታተይ፤ «ስላመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነውና ቀሪውን እንዲጠይቁ አስለምጃቸው።

ስለ ትልልቅ ፊደላት ላነሳሽውም አጭር መልስ አለኝ። ግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ የተማሩት ልጆች ይረሱታል። ቁቤ (ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) በይፋ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮምኛ የተማሩት ግን ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል መጀመርን ከታች ክፍል ጀምረው ያውቁታል። አንዱን ከአንዱ ጎን አስቀምጪና ደብተር ይተራረሙ።

«በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማ» የሚል አለቃ ካለሽ ማነጻጸሩን በአምስት ደቂቃ ጨርሰሽ ቀሪውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ሙዪው። እኔ እንደዚያ አድርጌ አልፌዋለሁ።

ካርዶቹን ከዘይት ካርቶን ቁረጫቸው፤ ወፍራም ነው፣ ሱቅ ከጠየቅሽ በነፃ ይሰጡሻል። ከዚያ በፕላስቲክ ሸፍነሽ በፕላስተር እሰሪያቸው። የእኔ የመጀመሪያዎቹ መሳቢያ ውስጥ ከርመው በክረምቱ እርጥበት ሻገቱ፤ መስከረም ላይ ስከፍት የተረፈችኝ ስደተኛዋ ኤስ ብቻ ነበረች።