ከ4 ኪሎ በላይ ስለሚወለዱ ሕፃናት፦ የአዋላጅ ነርስ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የእህቴ ልጅ 4.3 ኪሎ ሆኖ ተወለደ። ዘመድ ሁሉ «ጠንካራ ልጅ ነው» እያለ ደስ ብሎታል። የሚያሰጋ ነገር አለው?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። ከ4 ኪሎ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ክብደት ይባላል፤ መነሻውን 4.5 የሚያደርጉም አሉ። ወላጆቹ ግዙፍ ከሆኑ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክብደት ብቻውን የጤና ማረጋገጫ አይደለም። በእርግዝናዋ ስኳር ሳትመረመር ከሆነ የወለደችው፣ አሁንም ትመርመር።

ጥያቄ፦ የእናት ስኳር ልጁን እንዴት ያገዝፈዋል?

መልስ፦ ስኳሯ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የደም ስኳርን የሚቀንሰው ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት ራሱ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ትርፉ ስኳርም ስብ ይሆናል። ስቡ በትከሻና በሆድ ላይ ስለሚጠራቀም ከጭንቅላቱ ይልቅ ትከሻው ይሰፋል። በወሊድ ጊዜ ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው በእናትየው የብልት አጥንት ሊያዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በኃይል ከተጎተተ የክንዱ ነርቭ ይጎዳል። የሆዷን አናት መግፋትም ይበልጥ ያጣብቀዋል፤ እባካችሁ ማንም አይግፋ! የሚደረገው ጭኖቿን ወደ ሆዷ አጥፎ ከብልት አጥንቱ በላይ መጫን ነው፤ ይህም የሠለጠነ ሰውና ረዳት ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ምንም አያመኝም። መመርመር አለብኝ?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ የእርግዝና ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሂጂ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት እንደወትሮሽ ብዪ፤ ምግብ መቀነስ ውጤቱን ያዛባል። ሌሊቱን ቢያንስ 8 ሰዓት ጹሚ፤ ውሃ ይፈቀዳል፣ ሻይ ግን አይፈቀድም። በባዶ ሆድ ደም ይወሰዳል፤ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ትጠጫለሽ፤ ከ1 እና ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። በባዶ ሆድ 92፣ በ1 ሰዓት 180፣ በ2 ሰዓት 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንዱ ብቻ ቢሞላም የእርግዝና ስኳር ነው። የሽንት ምርመራ ይህን አይተካም።

ጥያቄ፦ አማቴ «ለሁለት ብዪ» እያሉ ገንፎና ቅቤ ያበዙብኛል።

መልስ፦ በፍቅር ነው፤ ግን የሁለት ሰው ምግብ አያስፈልግሽም። ክብደቷ ከቁመቷ ጋር የተመጣጠነ ሴት በእርግዝናዋ በሙሉ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ይበቃታል፤ ቀድሞ በጣም የወፈረች ከ5 እስከ 9። ገንፎውን ቀነስ አድርጊና ምስርና ጎመን ጨምሪ፤ ለስላሳና ማር ይቅሩ።

ጥያቄ፦ ሌላስ ምን ያጋልጣል?

መልስ፦ ቀድሞ ትልቅ ልጅ መውለድ፣ ከእርግዝና በፊት ውፍረት፣ ብዙ ጊዜ መውለድ፣ የመውለጃ ቀን ማሳለፍ። ወንዶች በጥቂቱ ይከብዳሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በአልትራሳውንድ 4.2 ኪሎ ተብላለች። በኦፕራሲዮን ትውለድ?

መልስ፦ በዚህ ቁጥር ብቻ አይወሰንም፤ የአልትራሳውንድ ግምት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ስኳር ላለባት ከ4.5፣ ለሌላት ከ5 ኪሎ ግምት ጀምሮ ነው። ኦፕራሲዮንና ደም ባለበት ሆስፒታል ትውለድ።

ጥያቄ፦ ከተወለደ በኋላስ?

መልስ፦ በተለይ የእናትየው ስኳር ከፍ ብሎ ከነበረ፣ ሕፃኑ ያመነጨው ብዙ ኢንሱሊን በደሙ ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይጥባ፤ ስኳሩም ይለካ። ቅቤ፣ ማር ወይም የስኳር ውሃ አይቅመስ። ከተንቀጠቀጠ፣ ከዛለ ወይም ጡት እምቢ ካለ ወዲያውኑ ለባለሙያ ንገሩ።