አሽታ ፊቷን የምታዞር ድመት

በዚህ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምድ ለዛሬ የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያዩ አገሮች ቢላኩም ጉዳያቸው አንድ ነው። ሦስቱም ጠያቂዎች ድመቶቻቸው የታሸገ ምግብ እያማረጡ አስቸግረዋቸዋል። መልሱን የሚሰጡት የዓምዱ የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምነኝ ቆይታ በመጨረሻ ከእንስሳት መጠለያ አንዲት ብርቱካናማ ድመት አመጣን፤ ስሟን ሎሚ አልናት። እኔ ባደግሁበት በደብረ ብርሃን ድመት አይጥ ትይዛለች፣ ከማዕድ የተረፈውን ትበላለች እንጂ ምግብ ስታማርጥ አይቼ አላውቅም። ሎሚ ግን የዶሮ ሥጋ የታሸገበትን ጣሳ ሦስት ሳምንት በደስታ ስትበላ ከርማ፣ ዋጋው ቀንሷል ብዬ ሃያ አራት ጣሳ በአንድ ጊዜ በገዛሁ ማግሥት አሽታ ፊቷን አዞረች። የሳልሞን ዓሣ ሰጠኋት፤ መረቁን ላሰችና ሥጋውን ተወችው። ከዚያ ወዲህም ከአንድ ጣሳ ግማሹን ብቻ ነው የምትበላው፤ የቀረውን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ሳቀርብላት ጨርሶ አትጠጋውም። ባለቤቴ «ቀብጣ ነው፤ ተያት፣ ሲርባት ትበላለች» ይላል፤ ልጄ ደግሞ ታለቅሳለች። የማንን ልስማ?
የሎሚ እመቤት

መልስ፦ የተከበሩ የሎሚ እመቤት፤ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ጉዳት ስለሌለው በባለቤትዎ ምክር ልጀምር። «ሲርባት ትበላለች» የሚለው ለውሻ ቢሆን ብዙም ባልተቃወምሁት ነበር፤ ለድመት ግን አደገኛ ነው። ድመት፣ በተለይም ወፈር ያለች ድመት፣ ሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳትበላ ከቆየች ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ እየፈታ ወደ ጉበቷ ይልካል፤ ጉበቷም የመጣበትን ስብ ሁሉ ማስተናገድ ስለማይችል በስብ ተሞልቶ ሥራውን እያቆመ ይሄዳል። ድዷና የጆሮዋ ውስጠኛ ቆዳ ቢጫ ሲሆን በሽታው ሥር ሰዷል ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕክምናው ለሳምንታት በቱቦ መመገብን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ያልቀመሰች ድመት ካለችዎት ለሐኪም ይደውሉ እንጂ በረኃብ ልትቀጧት አይገባም። ሎሚ ግማሽ ጣሳ እየበላች ስለሆነ እስካሁን ከዚህ አደጋ ርቃለች።

ግማሹን መተዋ ደግሞ ከማማረጥ ጋር ምንም ላያገናኘው ይችላል። የድመት ሆድ የተሠራው በአይጥ ልክ ነው። አንዲት አይጥ የምትሰጠው ጉልበት ወደ 30 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል፤ አራት ኪሎ ግራም የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ስለሚበቃት፣ አድና የምታድር ብትሆን ኖሮ ቀኑንና ሌሊቱን አከፋፍላ ሰባት ስምንት አይጥ መያዝ ነበረባት። 85 ግራም የምትይዘው ትንሿ ጣሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ኪሎ ካሎሪ ስላላት፣ ጣሳውን በሙሉ ገልብጦ ማቅረብ ሦስት አይጥ አከታትለሽ ብዪ እንደ ማለት ነው። እኛ «ሰው ያቀረበውን ይጨርሳል» ተብለን ስላደግን ሳህን ላይ የተረፈ ምግብ እንደ ንቀት ይታየናል፤ ድመቷ ግን ጠግባ መሄዷ ብቻ ነው።

ከማቀዝቀዣ የወጣውን አለመጠጋቷም ምክንያት አለው። ድመት ምግቧን የምትመርጠው ከምላሷ ይልቅ በአፍንጫዋ ነው። በእኛ ምላስ ላይ ጣዕም የሚለዩት እምቡጦች በሺዎች ሲቆጠሩ በእርሷ ላይ ያሉት ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ይህን ጉድለት የምታካክሰው በማሽተት ነው። ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ ጠረኑን አምቆ ይይዛል። አሁን የተያዘች አይጥ ሰውነት ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ዲግሪ ላይ ያደረ ሥጋ በድመት አፍንጫ ሲመዘን የሰነበተ ሬሳ ነው። በጣሳው የቀረውን በሳህን አድርገው፣ ሳህኑን በሙቅ ውኃ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ወይም አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ ጨምረው ያማስሉት። ማይክሮዌቭ ከተጠቀሙ ከብረት ጣሳው ማውጣትዎን አይርሱ፤ አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚተወው በሚገባ አማስለው በጣትዎ ይሞክሩት። ከብዙ ደንበኞቼ ጋር «መራጭ» ስለተባለች ድመት የጀመርነው ወሬ በዚህች በሙቅ ውኃ ዘዴ ብቻ ያለቀበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

መረቁን ልሳ ሥጋውን የመተዋ ነገር ግን ትንሽ ያሳስበኛል። በአንድ በኩል ድመቶች ከጣዕሙ እኩል ስለ ምግቡ አኳኋን ይጨነቃሉ፤ አንዷ እንደ ቅቤ የላመውን፣ ሌላዋ በመረቅ የተዘፈቀ ቁርጥራጩን፣ ሦስተኛዋ ክር ክር ያለውን ትመርጣለች፤ የለመደችው በሌላ መልክ ሲቀርብላትም ያው የዶሮ ሥጋ መሆኑን አትቀበልም። በሌላ በኩል ጥርሱን ወይም ድዱን የታመመ ድመት የሚልሰውን ብቻ ይመርጣል። ሥጋውን በሹካ አድቅቀው ከመረቁ ጋር ያዋሕዱት፤ በደስታ ከበላችው ነገሩ ምርጫ ወይም ጥርስ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አፏን ማሳየት ያስፈልጋል። አፏ ከሸተተ፣ ምራቋ ከተዝረበረበ ወይም በአንድ ጎን ብቻ የምታኝክ ከሆነ ጥርሷ ለመሆኑ አልጠራጠርም።

ወደ ሃያ አራቱ ጣሳዎች እንመለስ፤ እውነቱን ለመናገር ፈገግ ያሰኙኝ እነርሱ ናቸው። ድመት በአንድ ጊዜ ሁለት የሚቃረኑ ጠባዮች አሏት። ፍጹም የማታውቀውን ምግብ ትጠራጠራለች፤ አንዱን ብቻ ሳያቋርጡ ከሰጧት ደግሞ ይሰለቻትና ወደ ሌላ ታዘነብላለች። ሦስት ሳምንት ለስልቸታ ይበቃል። በዚያ ላይ አምራቾች ስሙንና ሥዕሉን ሳይቀይሩ የምግቡን ቅመራ ሊለውጡ ይችላሉ፤ እኛ የማናስተውለውን ልዩነት እርሷ ገና ክዳኑ ሲነሣ ታውቀዋለች። መድኃኒት በምግቧ ውስጥ ደብቀው ሰጥተዋት ከሆነ ወይም ከበላች በኋላ ያቅለሸለሻት ከሆነም ያንን ምግብ ለወራት በጠላትነት ልታየው ትችላለች። ስለዚህ ጣሳዎቹን አይጣሏቸው። የመጠቀሚያ ጊዜያቸው እስካላለፈ ድረስ ከፊቷ ዘወር ያድርጓቸውና፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ምግብ እያፈራረቁ ሲሰጧት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዶሮውን በመካከል ያስገቡት፤ ብዙዎቹ ድመቶች እንደ አዲስ ይቀበሉታል። ጭራሽ አዲስ የሆነውን ግን በአንድ ማንኪያ ጀምረው፣ ከለመደችው ጋር እየቀላቀሉ፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ያለማምዷት።

አንድ ነገር በትሕትና ልጨምር። ፊቷን ባዞረች ቁጥር ወዲያው ሁለተኛ ጣሳ ከተከፈተላት፣ ፊት ማዞር የተሻለ ምግብ እንደሚያስገኝ ተምራለች፤ አስተማሪዎቿም እኛ ነን። ያቀረቡትን ሃያ ደቂቃ ያህል ይተዉላት፣ ካልበላችው ያንሡትና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያንኑ አሙቀው ያቅርቡላት። በነገራችን ላይ መራጭ ድመትን እንደ ጨዋ ድመት አድርጎ ማየቱ ራሱ የተሸጠልን ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ከቺካጎ አቅራቢያ ከሚገኝ መጠለያ የተወሰደ ሞሪስ የተባለ ብርቱካናማ ድመት፣ ሌላውን ምግብ ሁሉ እየናቀ «ናይን ላይቭስ» የተባለውን ብቻ የሚበላ ተደርጎ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ በመላው አሜሪካ ታዋቂ ሆኖ ነበር። የሎሚ መልክ ከእርሱ ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው፤ ጠባይዋ ግን የግድ እርሱን መከተል የለበትም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። እናቴ ጾም አጥባቂ ስለሆኑ በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስቱን ቀን ሥጋና ወተት ወደ ቤታችን አይገባም። ድመታችን ውሮ የሽሮ ፍትፍት ቢቀርብለት አሻፈረኝ ስላለ፣ ከሱቅ በዘይት የታሸገ ቱና ገዝቼ በድብቅ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አይነካም፤ ቆርቆሮ ሲከፈት ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ ይሰማል። እናቴ ነገሩን ደርሰውበት «በነነዌ ጊዜ እንስሳቱም ጾመዋል» ብለው ተቆጡኝ። ውሮ መጾም ይችላል? ቱናውስ ይጎዳዋል?
በሁለት በኩል የተወቀሰው

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ እናትዎ የጠቀሱት በትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 3 የተጻፈ ነው፤ የነነዌ ንጉሥ ሰውም እንስሳም ምንም እንዳይቀምስ አዋጅ አስነግሯል። የሃይማኖቱን ትርጓሜ ለአባቶች ልተወውና በሙያዬ ልናገር። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት የተነገረው ድመቷን ለመተቸት ነው፤ ነገር ግን ሥጋ መውደዷ አመል አይደለም፣ የሰውነቷ አሠራር ነው። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን በራሷ ማምረት አትችልም፤ የምታገኘውም ከሥጋና ከዓሣ ነው። እርሱን ያጣች ድመት የዓይኗ ብርሃን ተቀባይ ክፍል እንደሚበላሽ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ልቧም እየሰፋ እንደሚደክም በ1987 በጥናት ተረጋግጧል። እኛ ከካሮት የምናገኘውን ቫይታሚን «ኤ» እንኳ እርሷ ከአትክልት ማውጣት አይሆንላትም። ከዚህም በላይ ሽሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ውሮ አሻፈረኝ ማለቱ ራሱን ማዳኑ ነው፤ እባክዎ አያስገድዱት።

ቱናን እንዲህ መውደዱም ሊገርመን አይገባም። ድመት ጣፋጭ ነገርን የምትለይበት የዘር ቅንጣት የተበላሸ መሆኑን በፊላደልፊያ የሚገኙ የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይተዋል፤ ስለዚህ ስኳር ለእርሷ ምንም ጣዕም የለውም። የሥጋን ጣዕም የሚለየው ተቀባይዋ ግን በሚገባ ይሠራል። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳስረዳው፣ ይህ ተቀባይ ከሁሉ ይበልጥ የሚነቃቃው ሂስቲዲንና ኢኖሲን ሞኖፎስፌት የተባሉ ሁለት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው፤ ሁለቱ በብዛት የሚገናኙትም በቱና ሥጋ ውስጥ ነው። ውሮ የወደደው ለምላሱ በልክ የተሰፋ ምግብ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ለሰው የታሸገ ቱና የዘወትር ምግቡ መሆን የለበትም። ጨውና ዘይት ይበዛበታል፤ ለድመት የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮችም አልተሟሉለትም። ቱና ብቻ ለረጅም ጊዜ የበሉ ድመቶች ቫይታሚን «ኢ» ስለሚያጥራቸው ከቆዳቸው ሥር ያለው ስብ ይቆጣና ሲነኩ የሚያሳምማቸው በሽታ ይይዛቸዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ ማንኪያ ሙሉ ቢያገኝ አልቃወምም።

ከእናትዎ ጋር የሚያስማማዎት በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የሚገኘው ደረቁ የድመት ምግብ ይመስለኛል፤ ድስት አያስነካም፣ ሽታውም ጿሚን አይፈትንም። በማሸጊያው ላይ «ምሉዕ ምግብ» የሚል መኖሩን ያረጋግጡ፤ «ማሟያ» የሚል ከሆነ ብቻውን አይበቃም፤ ይህ ለታሸገውም እርጥብ ምግብ ይሠራል። ደረቁ ምግብ የሚይዘው ውኃ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ (የታሸገው ከ75 እስከ 80 እጅ ውኃ ነው) ንጹሕ ውኃ ከአጠገቡ አይጥፋ። ዋጋው ከከበደ ከሥጋ ቤት ሳንባና ሥጋ ገዝተው፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት፣ በተለየ ድስት በደንብ ቀቅለው ይስጡት፤ ሳንባው ብቻውን ግን አይበቃውም። ጉበት በሳምንት አንዴ በቂ ነው፤ በየቀኑ የሚበላ ጉበት ቫይታሚን «ኤ» አብዝቶ የአንገቱን አጥንት ያደድራል። ከቱናው የሚያላቅቁትም ቀስ በቀስ፣ ጥቂቱን ከአዲሱ ምግብ ጋር እየቀላቀሉና በየቀኑ እየቀነሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከኔታንያ፣ እስራኤል። ድመቴ የታሸገውን ምግቧን ጥቂት ከቀመሰች በኋላ በሳህኑ ዙሪያ ወለሉን ትጭራለች፤ ልክ ከመጸዳጃ አሸዋዋ ላይ ስትነሣ እንደምታደርገው ነው። ምግቤን እንደ ቆሻሻ ቆጥራው ይሆን?
ቅር ያላት

መልስ፦ እህቴ፣ ቅር አይበልሽ። የዱር ድመቶችና ትልልቅ ዘመዶቻቸው የተረፋቸውን ሥጋ በአፈርና በቅጠል ይሸፍኑታል፤ ለኋላ ሊመለሱበት፣ ጠረኑም ሌላ አውሬ እንዳይጠራባቸው ነው። ያንቺም ድመት በወለል ንጣፍ ላይ አፈር ስላላገኘች ነው በባዶው የምትጭረው። አቀራረብሽን ግን ተመልከቺ፤ ከልክ በላይ አብዝተሽላት ይሆናል፤ ወይም ሳህኗ ከመጸዳጃ አሸዋዋ አጠገብ ተቀምጦ ይሆናል፤ ድመት ሁለቱ ሲቀራረቡ አትወድም። በበጋ ሙቀት የተከፈተ የጣሳ ምግብ ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ ሳህን ላይ አይቆይ፤ የቀረውንም በተከደነ ዕቃ በማቀዝቀዣ አስቀምጠሽ በሦስት ቀን ውስጥ ጨርሺው። መጫር ስትጀምር ሳህኑን አንሺላት፤ ቀብራዋለች ማለት ነው፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ አሙቀሽ መልሺላት።