መልስ፦ የፕሮሶፒስን ጉቶ ጨው አይነቅለውም
ሰላም ወንድሜ። አጥርህ ሥር ያለውን እሾሃማ የፕሮሶፒስ ዛፍ ሦስት ጊዜ ቆርጠኸው መልሶ እንደበቀለብህ፣ አሁን ጨው ልታፈስበት እንዳሰብክ ጽፈሃል። እባክህ ጨዉን ተወው። አፈሩን ያበላሽብሃል። ከጎኑ አለች ያልካት ሎሚም አብራ ልትደርቅ ትችላለች።

ችግሩ አቆራረጡ ላይ ነው። ይህ አፋሮች ደርጊ ሀራ የሚሉት ዛፍ የሚያቆጠቁጠው ከግንዱ ግርጌ፣ ከመሬት ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ክፍል ነው። ከመሬት እኩል ስትቆርጠው ያ ክፍል እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ በአንዱ ግንድ ፈንታ አምስት ስድስት ሆኖ ይመጣብሃል።

እኔ እዚሁ ድሬዳዋ ግቢዬ ውስጥ ያደረግኩትን ልንገርህ። ማታ ዙሪያውን ውሃ በደንብ አጠጣሁት። ጠዋት አፈሩ ለዶማ እሺ አለኝ። አንተም የድሬ ፀሐይ ሳትከር ጀምር። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍር። የጎን ሥሮቹን በመጥረቢያ በጥስ። ከዚያ ዋናውን ሥር እዚያው ጥልቀት ላይ ቁረጠውና ጉቶውን በዲጂኖ ፈንቅለህ አውጣ። ወደ ታች የሚወርደውን ሥር አታሳድደው፣ በጣም ሩቅ ነው የሚሄደው። ግርጌው ከወጣ ይበቃል።

እሾሁን አደራ! በነጠላ ጫማ እንዳትገባ። እኔን ወግቶኝ እግሬ ቀናት አብጦ ነበር። የወደቀውን ፍሬም ለቅመህ አቃጥል። ፍየል ከበላችው ዘሩ በበጠጧ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። እንጨቱን ግን አትጣለው፣ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል።

ለጥቂት ወራት ጉድጓዱን እያየህ፣ ብቅ ያለ ቡቃያ ካለ ገና ለጋ ሳለ ንቀለው።