ትንሿን ጃርት ሐይቅ ውስጥ እናዋኛት?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ታላቁ ልጄ ከጓደኛው ቤት ያመጣት አንዲት ጃርት አለችን፤ እርሻ የምታበላሸው ትልቋ ሳትሆን በመዳፍ የምትያዘው፣ ሲነኳት የምትጠቀለለው ትንሿ ናት። ቀኑን በካርቶኗ ውስጥ ተኝታ ትውልና ሌሊት ስትሯሯጥ የራሷን ኩስ ስለምትረግጥ እግሯና ሆዷ ይቆሽሻል፤ ሽታውም አስቸግሮናል። ልጆቹ ደግሞ ጃርት በገንዳ ውስጥ በጀርባዋ ስትንሳፈፍ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልክ አይተው፣ እሑድ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ወስደን እናዋኛት እያሉ እረፍት ነሥተውኛል። መዋኘት ትችላለች ወይ? በምንስ ላጥባት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እሑድ ስለቀረበ ከሐይቁ እንጀምር። ወደ ሐይቁ አትውሰዷት።

ጃርት መዋኘት ትችላለች። ውኃ ውስጥ ብትገባ እግሮቿን እያንቀሳቀሰች ጥቂት ርቀት ትሄዳለች፤ እሾሆቿም ውስጣቸው አየር የያዘ በመሆኑ ለመንሳፈፍ ይረዷታል። ይሁን እንጂ የምትዋኘው ከውኃው ለመውጣት ነው፤ መውጫ ካጣች ደክማ ትሰምጣለች። በአፍንጫዋ የገባ ጥቂት ውኃም ወደ ሳንባዋ ከወረደ ለሳንባ ምች ሊዳርጋት ይችላል። ልጆቹ ያዩትን ቪዲዮ በተመለከተ፣ አደጋ በመጣ ቁጥር ሆዷን ለመሸሸግ የምትጠቀለል እንስሳ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ውኃ ላይ መተኛትን በገዛ ፈቃዷ ትመርጣለች ብለን አናምንም። ዝም ማለቷን እንደ ደስታ የሚቆጥሩት ተመልካቾቹ ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት ቅዝቃዜ ነው። ባለ አራት ጣት ጃርት የምትባለውና በሌሎች አገሮች በየቤቱ የምትረባው ዝርያ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ሶማሊያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ዛምቢያ ድረስ በዱር የምትገኝ የሞቃት አገር እንስሳ ናት። ያደገች ጃርት ክብደቷ በአብዛኛው ከ300 እስከ 600 ግራም ብቻ ስለሆነ ሙቀቷን በቶሎ ታጣለች። የሚስማማት የክፍል ሙቀት ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ ከ20 ዲግሪ በታች ለረጅም ሰዓት ከቆየች ልትደነዝዝ ትችላለች። የአውሮፓ ጃርቶች ክረምቱን ተኝተው የሚያሳልፉት አስቀድመው ስብ አከማችተው ነው፤ የእኛዋ ግን ለዚያ አልተዘጋጀችም፣ መደንዘዟም ለሕይወቷ አስጊ ነው። የሐይቁ ውኃ ለልጆቹ እጅ ለብ ያለ ቢመስል እንኳ ከሰውነቷ ሙቀት እጅግ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ አባ ኮዳ የተባሉት የሐይቁ ዳር ትልልቅ አሞራዎች የዓሣ ትርፍራፊ ብቻ እንደማይውጡ በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለልጆቹም ቢሆን በዳርቻው ሣር ውስጥ በባዶ እግር መግባት አይመከርም፤ የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ ያለበት፣ የብልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣም የሚገኝበት ነው።

ወደ እጥበቱ ስንመጣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው እግሯን ማጠብ ብቻ ነው። መላ ሰውነቷን በየሳምንቱ ማጠብ ቆዳዋን ስለሚያደርቀው በወር ከአንድ ጊዜ ባይበልጥ እንመርጣለን። ሰዓቱ ፀሐይ የሞቀችበት እኩለ ቀን ይሁን፤ መስኮቱንና በሩን ዝጉ። በሳፋው ወለል ላይ እንዳያንሸራትታት አሮጌ ፎጣ አንጥፉና በክርን ሲነካ ለብ ያለ ውኃ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጨምሩ። ቆማ ውኃው ሆዷን ቢነካ ይበቃል። እርሷን ካስገባችሁ በኋላ ሙቅ ውኃ ከላይ አትጨምሩ፤ ለአፍታም ትታችኋት አትሂዱ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እያረጠባችሁ እሾሆቿን ከራስ ወደ ጅራት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ቦርሹ። ብትጠቀለል አትታገሏት፤ ውኃው ውስጥ እግሯን ለመዘርጋት ራሷ ትፈታለች። ፊቷንና ጆሮዋን በእርጥብ ጨርቅ ከመጥረግ በቀር ውኃ አታስነኩ።

የልብስ ሳሙናና የዱቄት ሳሙና ፈጽሞ አይሆኑም። ሽታ የሌለው የሕፃናት ሳሙና ጠብታ ይበቃል፤ ከዚያ የተሻለው ደግሞ በንጹሕ ስስ ጨርቅ የታሰረ አጃ ውኃው ውስጥ እየጨመቁ በሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ማጠብ ነው፤ የደረቀ ቆዳዋን ያለሰልስላታል። ካለቀለቃችኋት በኋላ በሞቀ ፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ሆዷ እስኪደርቅ ድረስ ደረታችሁ ላይ ያዟት። እርጥብ ሆና ወደ ካርቶኗ ከተመለሰች የደከማችሁበት እጥበት ለጉንፋን ይዳርጋታል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። እሾህ እየረገፈላት፣ በሥሩም ነጭ ቅርፊት እየታየ አብዝታ የምትታከክ ከሆነ ምክንያቱ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን የቆዳ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ እጥበት አያድነውም። አንዳንድ ሰው ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዳያዚኖን በጥብጦ ለትንንሽ እንስሳት ሲጠቀም ይታያል። ለግማሽ ኪሎ እንስሳ ይህ መርዝ ነው። ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷትና ሐኪሙ በክብደቷ ልክ የሚታዘዘውን መድኃኒት ይስጣት።

ጃርት ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ፣ እንዲሁም የጭርት ፈንገስ ልትሸከም ትችላለች። ስለዚህ የእርሷ ሳፋ ለብቻው ይቀመጥ፤ ዕቃና አትክልት በሚታጠብበት ቦታ አትታጠብ፤ ልጆቹም ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለዎት በእጥበቱ ባይሳተፍ ይሻላል። ልጅዎ ደግሞ የጓደኛው ቤተሰብ ከየት እንዳገኟት ይጠይቅ፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት በሕግ ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ እኔም የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ጃርታችንን በሳሙና ካጠብናት በኋላ አረፋ እየደፈቀች አንገቷን ጠምዝዛ ጀርባዋን መላስ ጀመረች። ጎረቤቶች የእብድ ውሻ በሽታ ነው አሉን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጃርቶች አዲስ ሽታ ሲያገኙ ነገሩን ልሰው ወይም አኝከው ምራቃቸውን አረፋ ያደርጉና በምላሳቸው እሾሆቻቸው ላይ ይቀቡታል። ለምን እንደሚያደርጉት ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ በጤነኛ ጃርት የተለመደ ጠባይ መሆኑ ግን የታወቀ ነው። የእናንተዋን ያነሣሣት የሳሙናው ሽታ ሳይሆን አይቀርም። እስክትጨርስ ተዉአት፤ የቀረ ሳሙና ካለባት በለብታ ውኃ አለቅልቋት፣ በሚቀጥለው ጊዜም ሽታ የሌለው ይሁን። አረፋው ካላቆመ፣ መብላት ካቆመች፣ ስትሄድ ከተንገዳገደች ወይም ሰው ከነከሰች ግን በእጃችሁ አትንኳት፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።